ሁለት ክፍል ሙሉ ፋይል ስካን አድርገን እናቃጥለው?

ጥያቄ፦ «ጅማ ውስጥ ቡና አዘጋጅቶ ወደ ውጭ በሚልክ ድርጅት የአስተዳደር ኃላፊ ነኝ። 60 ሠራተኞች አሉን፤ በወር 8 ካርቶን ኤ4 ወረቀት እንጨርሳለን። በሁለት ክፍል ውስጥ ወደ 400 ቦክስ ፋይል ተከማችቷል፤ አንደኛው ክፍል ክረምት ሲገባ ይረጥባል። ማኔጅመንቱ ለአካባቢ ጥበቃ ሲባል ወረቀት አልባ እንድንሆን ወስኗል። ዕቅዱ 12 አዲስ ላፕቶፕና አንድ ሰርቨር ገዝተን የድሮውን ሰነድ በሙሉ ስካን ማድረግና ዋናውን ግቢ ውስጥ ማቃጠል ነው። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

አታቃጥሉት። ላፕቶፖቹንም አሁን አትግዙ። በዕቅዳችሁ ካሉት አራት ነገሮች፣ ከላፕቶፑ፣ ከሰርቨሩ፣ ከጅምላ ስካኑና ከእሳቱ፣ አካባቢን የሚጠቅም አንድም የለም፤ ላፕቶፑና እሳቱ እንዲያውም ይጎዳሉ። ስሕተቱ አንድ ቦታ ላይ ነው፦ ጉዳቱ መደርደሪያ ላይ በተኛው ወረቀት ያለ መስሏችኋል። የተኛው ወረቀት ዛፉ ተቆርጦ፣ ውኃው ፈስሶ፣ መርከቡና ከባድ መኪናው ነዳጁን ጨርሶ ያለቀለት ጉዳይ ነው። ስካን ቢደረግ ያ አይመለስም። መቀነስ የሚቻለው ገና ያልታተመውን ነው።

ሂሳቡን እንሥራው። «80 ግራም» የሚባለው የወረቀቱ የካሬ ሜትር ክብደት ነው። ኤ4 የካሬ ሜትር አንድ አሥራ ስድስተኛ ስለሆነ አንዱ ሉክ 5 ግራም፣ ባለ 500 ሉኩ እሽግ 2.5 ኪሎ ይመዝናል። 8 ካርቶን ማለት 40 እሽግ፣ 20,000 ሉክ፣ 100 ኪሎ ነው። በዓመት 1,200 ኪሎ ይሆናል። አንድ ኪሎ አዲስ ወረቀት ተመርቶ ከፋብሪካ እስኪወጣ እንደ አመራረቱ ወደ አንድ ኪሎ ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያስከትላል። ስለዚህ ዓመታዊ ወረቀታችሁ ከ1.2 ቶን ብዙ አይርቅም። ከጅቡቲ ጅማ ድረስ ያለው ወደ 1,200 ኪሎ ሜትር የመኪና ጉዞ በዚህ ላይ ይታከላል።

አሁን ላፕቶፑን እንየው። አንድ ላፕቶፕ ገና ሳይከፈት፣ በማምረቻው ብቻ ከ200 እስከ 300 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተቆጥሮበታል። መካከለኛውን 250 ብንይዝ አሥራ ሁለቱ 3,000 ኪሎ ናቸው። የሁለት ዓመት ተኩል ወረቀታችሁን በአንድ የግዢ ትእዛዝ እንደመጨረስ ማለት ነው። ያሉት ኮምፒዩተሮች እስከሠሩ ድረስ ራም (ጊዜያዊ ማስታወሻ) ወይም ኤስኤስዲ (ፈጣን ማከማቻ ዲስክ) ጨምራችሁ ሌላ ሦስት አራት ዓመት ግፉባቸው። «አዲሱ መብራት ይቆጥባል» የሚለው ክርክር ከሰል አቃጥለው መብራት በሚያመነጩ አገሮች ያስኬዳል። የእኛ መስመር ግን ከሞላ ጎደል የውኃ ኃይል ነው፤ ጊልጌል ጊቤ እዚያው አፍንጫችሁ ሥር ነው። ከውጭ የተቀዳ «አረንጓዴ ቢሮ» መመሪያ እዚህ የማይሠራው በዚህ ምክንያት ነው። ትልቁን ቦታ የሚሰጠው ለመብራት ነው፤ የእኛ ቢሮ ሸክም ግን ከውጭ የሚገቡት ዕቃዎች ናቸው፦ ወረቀት፣ ቶነር፣ ኮምፒዩተር። ጄኔሬተር ሲነሳ ብቻ ነገሩ ይለወጣል፤ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል ወደ 2.7 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል።

እንግዲህ 20,000 ሉክ በወር ከየት ይመጣል? አንድ ገጽ ደብዳቤ ይዘን እንከተል። ጸሐፊዋ ትተይባለች፤ ታትሞ ለኃላፊው ይቀርባል፤ በብዕር ይታረምና እንደገና ይታተማል፤ አንድ ቃል ይለወጥና ሦስተኛው ይፈረማል። የተጣሉት ሁለት ናቸው። ለተቀባዩ ዋናው፣ ለማህደር ቀሪው፣ ከታች ለተዘረዘሩት አራት ግልባጮች አራት፣ መዝገብ ቤቱ በቀን ተራ ለሚያስቀምጠው አንድ። ድምሩ ዘጠኝ ነው። ግልባጭ ከደረሳቸው ክፍሎች ሁለቱ በየራሳቸው ፋይል ለማስገባት ፎቶ ኮፒ ካነሱት አሥራ አንድ ይገባል። ከነዚህ ውስጥ ሥራ የሚሠሩት ሁለቱ ብቻ ናቸው፤ የተቀባዩና ቀሪው።

የግልባጭ ዝርዝር አብዛኛውን ጊዜ ታስቦበት አይጻፍም። ከባለፈው ደብዳቤ ተቀድቶ ነው የሚመጣው፤ ያ ደግሞ ከዚያ በፊት ከነበረው። ስለዚህ የመጀመሪያው እርምጃ የደብዳቤ ናሙናችሁን ከፍቶ የግልባጩን ቦታ ባዶ ማድረግ ነው። ፈራሚው በየጊዜው አስቦ ይሙላው። ለውስጥ ክፍሎች የሚሄድ ግልባጭ በፒዲኤፍ ይላክ። ወደ ውጭ የሚሄደው መንግሥት መሥሪያ ቤቱ በወረቀት ከጠየቀ ብቻ ይታተም። እርማት ስክሪን ላይ ይሠራ፤ የቢሮው ዎርድ የእርማት ምልክት መያዝ ይችላል። የቀን ተራ ቅጂውን ሙሉ በሙሉ አስቀሩት፤ የወጪ ደብዳቤ መዝገቡ ቁጥርና ቀን እስከያዘ ድረስ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ይህ ሁሉ አንድ ብር አያስወጣም። ከዘጠኝ ወደ ሁለት ወይም ሦስት የሚያወርዳችሁም ይኸው ነው።

ሁለተኛው ምንጭ በእናንተ ሥራ ከደብዳቤም የሚበልጥ ሊሆን ይችላል፤ የእሸት ቡና መረከቢያ ደረሰኝ። ባለ ሦስት ቅጂ ጥራዝ ነው። አንዱ ለገበሬው፣ አንዱ ለሂሳብ ክፍል፣ አንዱ ጥራዙ ላይ ቀሪ። እዚህ ላይ አትቀንሱ። የገበሬው ቅጂ ያስረከበበት ማስረጃው ነው፤ «ወረቀት ቆጠብን» ተብሎ ከእጁ የሚወሰድ ነገር አይደለም። መቅረት ያለበት ሂሳብ ክፍል የራሱን ቅጂ ይዞ እያለ ለክፍያ ማዘዣው ማያያዣ ብሎ የሚያነሳው አራተኛው ፎቶ ኮፒ ነው። የክፍያ ማዘዣው ላይ የደረሰኙን ተከታታይ ቁጥር «ከዚህ እስከዚህ» ብሎ መጻፍ በቂ ነው። ኦዲተሩ ሊያይ ሲፈልግ ጥራዙ አለ። ደረሰኙ በሙሉ ኤ4 የሚታተም ከሆነ ወደ ግማሹ አውርዱት፤ ስም፣ ኪሎ፣ ዋጋ፣ ፊርማና ጣቢያ ለመያዝ ግማሽ ኤ4 ይተርፋል።

ሁለት ገጽ ማተም ብዙ ጊዜ የሚጋነን መፍትሔ ነው። ከህትመታችሁ ግማሹ ባለ አንድ ገጽ ደብዳቤ ከሆነ፣ በሁለቱም ፊት ማተም ቢበዛ የጠቅላላውን ሩብ ነው የሚያተርፈው፤ ለባለ አንድ ገጹ ምንም አያደርግለትምና። ቢሆንም ፕሪንተሮቹ ላይ ዋናው ምርጫ እሱ ይሁን። 70 ግራም ወረቀት ከ80 ግራሙ 12.5 በመቶ ያነሰ ክብደት አለው፤ ለውስጥ ሥራ ይበቃል። ግን ያሳልፋል፣ በእርጥበት ወቅትም ቶሎ ይጠቀለላል። በጅማ አየር ክረምት ከበጋ ልጠቀመው ብላችሁ እንዳታዝኑ።

እርጥበት ስንል፣ በጅማ ቢሮዎች ወረቀት የሚባክንበት ማንም የማይቆጥረው ቀዳዳ ይህ ነው። እሽጉ ተቀዶ ሲሚንቶ ወለል ላይ የዋለ ወረቀት እርጥበት ይጠጣል። ፕሪንተሩ ሁለት ሁለት እየሳበ ይነክሳል፣ ወይም ወረቀቱ ከማሞቂያው ሲወጣ ይጠቀለላል፤ የተነከሰውም የተሸበሸበውም ቅርጫት ይገባል። እሽጉ የሚጠቀለልበት ወረቀት ውስጡ እርጥበት የሚከላከል ሽፋን ስላለው እስከምትጠቀሙበት ድረስ አትቅደዱት። ካርቶኖቹን ከወለል በእንጨት አንሱ፣ ከግድግዳም አርቁ። ፕሪንተሩ ትሪ ውስጥ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ አድርጉ። ከእርጥብ መጋዘን የመጣ እሽግ ሳይከፈት ቢሮው ውስጥ አንድ ቀን ይደር።

ቶነር ማስሞላት ጥሩ ልማድ ነው፤ ግን ወሰን አለው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከተሞላ በኋላ ድራሙ (ምስሉን ወረቀቱ ላይ የሚያሳርፈው የካርትሪጁ ሲሊንደር) ያልቃል። ወረቀቱ ላይ ግራጫ ጥላ ከመጣ ወይም አንድ ጭረት እኩል ርቀት ጠብቆ ከተደጋገመ ካርትሪጁ አብቅቶለታል፤ እንደገና ማስሞላት የሚበላሽ ህትመት ማብዛት ነው። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው የገጽ ብዛት 5 በመቶው ብቻ በቀለም ለተሸፈነ ገጽ የተሰላ ነው። ጥቁር ራስጌና ጥላ የገባበት ሠንጠረዥ ካላችሁ ያንን ቁጥር አታገኙትም፤ የደብዳቤያችሁን ራስጌ በስስ መስመር ማሠራት ብቻውን ቶነሩን ያራዝመዋል።

ይህን ሁሉ ስታደርጉ መለካት አለባችሁ። መጋዘን የወጣው ወረቀት የታተመው ወረቀት አይደለም። እያንዳንዱ ፕሪንተርና ፎቶ ኮፒ ማሽን እስከዛሬ ያተመውን ገጽ የሚቆጥር ቁጥር በሜኑው ውስጥ አለ። ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩን ከስክሪኑ ላይ አንብቡና ደብተር ላይ ጻፉ። (ሪፖርቱን አታትሙት።) ሦስት ወር ሲሞላ የትኛው ክፍል ምን ያህል እንደሚያትም ታውቃላችሁ፤ ክርክሩም ያበቃል።

አሁን ወደ 400ው ቦክስ ፋይል እንምጣ። አንዱ 500 ሉክ ቢይዝ 200,000 ሉክ፣ አንድ ቶን ወረቀት ነው። አንድ ሰው ስቴፕል እያወለቀ፣ እያቃና፣ ስካን እያደረገ፣ ስም እየሰጠና እየፈተሸ በቀን 1,200 ሉክ ከሠራ ጎበዝ ነው፤ ስካነሩ «በደቂቃ 40 ገጽ» ይበል እንጂ ጊዜ የሚበላው ዝግጅቱ ነው። በዚህ ሂሳብ 167 የሥራ ቀን፣ ስምንት ወር ገደማ ይሆናል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ድሮ መጣል የነበረበት ነው? ቆሻሻ ስካን ቢደረግ ዲጂታል ቆሻሻ ነው፤ ያውም ለመፈለግ የባሰ።

ስለዚህ መጀመሪያ ናሙና ውሰዱ። ከመደርደሪያው ሃያኛውን፣ አርባኛውን፣ ስልሳኛውን እያላችሁ 20 ቦክስ አውጡ፤ የተመቸውን መርጣችሁ አይደለም። የያንዳንዱን ይዘት በአራት ክምር ክፈሉት፦ ተደጋጋሚ ቅጂ፣ ባዶ ቅጽና ረቂቅ፤ የማቆያ ጊዜው ያለፈ፤ ገና ያላለፈ፤ መቼም የማይጣል። መቁጠር አያስፈልግም፤ በማስመሪያ ለኩ። ያልተጨማደደ 80 ግራም ወረቀት አንድ ሴንቲ ሜትር ውፍረቱ ወደ 100 ሉክ ነው። ሁለት ሰው በአንድ ሳምንት ይጨርሰዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ክምሮች ድርሻ ስንት ሴንቲ ሜትር እንደሆነ ካያችሁ ስለ ቀሪው 380 ቦክስ የምትወስኑት በግምት አይሆንም።

«የማቆያ ጊዜው ያለፈ» ለማለት ግን የማቆያ ጊዜ ሰሌዳ ሊኖራችሁ ይገባል፤ ከጥያቄው እንደተረዳሁት የላችሁም። ሁለት ገጽ የሚሆን ሠንጠረዥ ነው፦ የሰነዱ ዓይነት፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ዓመቱ ከመቼ እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚፈቅድ። ለሂሳብና ግብር ሰነድ የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 መነሻችሁ ነው። አዋጁ በንግድ ሕጉ ከተመለከተው ጊዜና ግብሩን ካሳወቃችሁበት ቀን ከሚቆጠረው 5 ዓመት ረዘም ያለውን ያዝዛል። የእኔ ምክር በሰሌዳው ላይ 10 ዓመት መጻፍ ነው። ለውል ሰነድም ከውሉ ፍጻሜ በኋላ 10 ዓመት ያዙ፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1845 መሠረት ከውል የሚመነጭ ክስ በመርህ ደረጃ በ10 ዓመት ነው በይርጋ የሚታገደው። የሠራተኛ የግል ማህደር ውስጥ የቅጥር፣ የደመወዝ ለውጥና የስንብት ደብዳቤ ጡረታ የሚሰላበት ስለሆነ አይጣልም፤ የፈቃድ መጠየቂያ ቅጽ ግን በሁለት ሦስት ዓመት ሊወጣ ይችላል። መመሥረቻ ጽሑፍ፣ የይዞታ ማረጋገጫ፣ የቦርድ ቃለ ጉባኤ ዘላቂ ናቸው።

ለቡና ላኪ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የአውሮፓ ኅብረት ስለ ደን ጭፍጨፋ ያወጣው ደንብ 2023/1115 ቡናው ከየትኛው ማሳ እንደተለቀመ በጂፒኤስ ነጥብ እንዲታወቅ ይጠይቃል፤ አስመጪዎቹም መረጃውን ለ5 ዓመት መያዝ አለባቸው። ስለዚህ አንድን ሎት (በአንድነት የተመዘገበ የቡና ክምችት) ከመረከቢያ ጣቢያውና ከገበሬው ጋር የሚያገናኘው ወረቀት «የድሮ ደረሰኝ» ተብሎ ከተደጋጋሚው ቅጂ ጋር እንዳይሄድ።

እዚህ ላይ ብዙ ቢሮ የሚሰናከልበት አንድ ጉድጓድ አለ፤ የዘመን አቆጣጠር። ፋይሉ ጀርባ ላይ «2009» ብቻ ተጽፏል። የኢትዮጵያ ከሆነ ሰነዱ በፈረንጅ የ2016 ወይም የ2017 ነው። አንድ አዲስ ሠራተኛ እንደ ፈረንጅ ካነበበው ሰነዱን በ7 ወይም በ8 ዓመት አስረጅቶ ጊዜው ሳይደርስ ያስወግደዋል። የኤክስፖርት ሰነዶቻችሁ በአውሮፓ፣ ደብዳቤና ሂሳባችሁ በኢትዮጵያ ዘመን ስለሚጻፉ አደጋው በአንድ መደርደሪያ ላይ ነው ያለው። እያንዳንዱ ቦክስ ላይ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ሳይጻፍ ምንም አይወገድ።

ማስወገዱ ራሱ በቃለ ጉባኤ ይሁን። ሰሌዳው፣ የሚወገዱት ሰነዶች ዝርዝር፣ የሦስት ሰው ፊርማ። በኦዲት፣ በግብር ቅሬታ ወይም በፍርድ ቤት ያለ ጉዳይ የሚነካው ሰነድ ጊዜው ቢያልፍም ይታገዳል። የተወገዱት ዝርዝር ለዘለቄታው ይቀመጣል። መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ብትሆኑ ኖሮ ይህ በራሳችሁ ሥልጣን አይደረግም ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 179/1991 የመንግሥት መዛግብትን ጉዳይ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት ሰጥቶታል።

ስካን የሚደረገው ከዚህ በኋላ የተረፈው ነው፤ እሱም ሁሉም አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ የሚገባው ደብዳቤ በገባበት ቀን ስካን ይደረግ፤ የድሮው ደግሞ ሰው ሲጠይቀው ብቻ። ሦስት ዓመት ማንም ያልጠየቀው ፋይል ስካን ሳይደረግ የማቆያ ጊዜውን ጠብቆ ይወገዳል። ለዚህ ወረቀት በራሱ የሚስብ፣ ሁለቱንም ፊት በአንዴ የሚያነብ አንድ ስካነር በቂ ነው።

ለስካኑ ጥራት 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይበቃል። ማህተም ያለበት ገጽ ግን በጥቁርና ነጭ አታድርጉ። ሰማያዊው ወይም ሐምራዊው ማህተም ፈዘዝ ካለ ይጠፋል፤ ደመቅ ካለ ደግሞ ፊርማውንና ቲተሩን የዋጠ ጥቁር ድፍን ይሆናል። በቀለም ይሁን። በቀለም አንድ ገጽ አንድ ሜጋባይት ቢሆን እንኳ 200,000ው ገጽ በሙሉ 200 ጊጋባይት ነው፤ ስለዚህ ሰርቨር አያስፈልጋችሁም። ባለ አንድ ቴራባይት ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ግዙ፤ አንዱ በሥራው ኮምፒዩተር ላይ ካለው ጋር በየሳምንቱ ይመሳሰል፣ ሁለተኛው ከግቢው ውጭ ይቀመጥና በወር አንዴ ይምጣ። ኮምፒዩተሩ በዩፒኤስ ይሁን። ጅማ ዝናቡ መብረቅ ይዞ በሚመጣበት ሰሞን ሃርድ ዲስኩን ሶኬት ላይ ከተሰካ ኮምፒዩተር ጋር አያይዞ ማሳደር ሁለቱንም ቅጂ በአንድ ሌሊት ማጣት ነው። መብራት ሲጠፋ ለስካን ብላችሁ ጄኔሬተር አታስነሱ፤ ያን ሰዓት ስቴፕል ለማውለቅና ለመደርደር ተጠቀሙበት።

ፋይሉ በፒዲኤፍ/ኤ ይቀመጥ፤ ለረጅም ጊዜ ለማቆየት የተዘጋጀ ደረጃ ነው፣ ፊደሉን በውስጡ ይይዛል። ይህ ለእኛ ከሌላው የበለጠ ይጠቅማል። በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም፣ የተጻፉ ሰነዶች ፊደሉ የሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ትርምስ ናቸው፤ ዩኒኮድ (ሁሉም ኮምፒዩተር የሚያውቀው የፊደል ደረጃ) ስላልሆኑ ተፈልገውም አይገኙም። ሰው «ኮምፒዩተር አይታመንም» ብሎ ሁሉን ነገር አትሞ እንዲያስቀምጥ ካደረጉት ነገሮች አንዱ ይኸው ነው። ፊደሉ ያለበት አንድ ኮምፒዩተር ካላችሁ የሚያስፈልጉትን አሁኑኑ ወደ ፒዲኤፍ ቀይሩ፤ አዲሱ ጽሑፍ ሁሉ በዩኒኮድ ይጻፍ። ቴሰራክት የተባለው ነጻ ፕሮግራም የታተመ አማርኛ ያነባል። በላቲን ፊደል የተጻፈውን የአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ ፊደል ለማንበብም አይቸገርም። የእጅ ጽሑፍ ግን አትጠብቁበት። ለዚያ በኤክሴል አምስት ዓምድ ያለው ማውጫ ይበቃችኋል፦ የደብዳቤ ቁጥር፣ ቀን፣ ከማን፣ ጉዳይ፣ የፋይሉ ስም። የፋይሉ ስም ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ የደብዳቤው ቁጥር ይሁን፤ «ስካን0043» የሚባል ፋይል ከጠፋ ፋይል አይሻልም።

ቴሌግራም መዝገብ ቤት አይደለም። ግልባጭ ለመላክ ደህና ነው፤ ነገር ግን ግሩፑን የከፈተው ሠራተኛ ሲለቅ ወይም አንዱ ሲያጠፋው ሰነዱ አብሮ ይሄዳል። የመጣው ፋይል በዚያው ቀን ወደ ጋራ ፎልደሩ ይግባ።

ስካን የተደረገው ሁሉ ዋናውን አይተካም። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205/2012 ከመጀመሪያው በኤሌክትሮኒክ ለተፈጠረ ሰነድ ዕውቅና ይሰጣሉ። በብዕር የተፈረመ ውል ፎቶ ግን ሌላ ነገር ነው፤ «ፊርማው የኔ አይደለም» የሚል ሰው ሲመጣ የሚመረመረው ዋናው ወረቀት ነው። ውል፣ የብድር መያዣ፣ የይዞታ ማስረጃና የሠራተኛ ዋና ሰነዶች ስካን ተደርገውም በወረቀት ይቆያሉ።

የሚወገደውን ምን እናድርገው? እሳት የማይሆንበት ምክንያት ጭሱ ብቻ አይደለም። ታስሮ የተጣለ ፋይል ዳር ዳሩን ይለበለባል እንጂ መሃሉ አይቃጠልም፤ ነገ አመዱ ውስጥ የሚነበብ ገጽ ይገኛል። የፕላስቲክ ክላሰሩና የቦክስ ፋይሉ ሽፋን ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ ለጎረቤትም ለሠራተኛም መርዝ ነው። እንዳለ ለቆራሌው መስጠትም አይሆንም። የደመወዝ ዝርዝር የኮሎ መጠቅለያ ሆኖ መርካቶ ላይ ሲገኝ የሚስቅ ይኖራል፤ ስሙ ያለበት ሰው ግን አይስቅም። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የይሉኝታ ብቻ አይደለም። ስም፣ ደመወዝ፣ መታወቂያና የባንክ ቁጥር ያለበት ሁሉ በመቁረጫ ማሽን ይቆረጥ። ሌላው ሳይቆረጥ ይታሰር፤ ያልተቆረጠ ወረቀት ቃጫው ረዘም ስለሚል ለፋብሪካው ይሻላል። ባዶ ቦክስ ፋይሎቹን አትጣሉ፤ ጀርባቸው ላይ አዲስ ወረቀት ለጥፋችሁ ለዓመታት አዲስ መግዛት ታቆማላችሁ።

ያገለገለ ወረቀት የሚወስዱ ፋብሪካዎች በብዛት አዲስ አበባና አካባቢዋ ናቸው። ለዚህ ብላችሁ ለብቻው መኪና አትላኩ። 350 ኪሎ ሜትር ሄዶ ሌላ 350 ለሚመለስ፣ በ100 ኪሎ ሜትር 15 ሊትር ለሚጠጣ መኪና 105 ሊትር ናፍጣ፣ ወደ 280 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ማለት ነው። ለሁለት መቶ ኪሎ ወረቀት ይህን ማድረግ ኪሳራ ነው። ደረቅ ቦታ አጠራቅሙና ቦታ ያለው መኪና ሲገኝ ጫኑ። ከቡና ገለፈት ጋር ኮምፖስት ማድረግ የሚቻለው በብዕር የተጻፈበትን ወይም ባዶውን ወረቀት ብቻ ነው፤ ተቀዶ በስስ ንብርብር።

የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ከየትኛውም ጋር አይቀላቀል። በሙቀት የሚታተም ነው፤ የተቀባው ኬሚካል የሚታደሰውን ወረቀትም ኮምፖስቱንም ያበላሻል። ጽሑፉም በራሱ ይጠፋል፣ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይፈጥናል። ለግብር የሚያስፈልጋችሁን ደረሰኝ በመጣበት ሳምንት ስድስት ስምንቱን በአንድ ኤ4 ላይ ደርድራችሁ ኮፒ አንሱና ከዋናው ጋር አያይዙ። ወረቀት ቁጠባ የምሰብክ ሰው ኮፒ አንሱ የምለው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ በዚህ ወር የግልባጩ ለውጥ፣ ሁለት ገጽ ህትመትና የቆጣሪ ንባብ ይጀመር። በሚቀጥሉት ሁለት ወራት የማቆያ ሰሌዳው ተጽፎ በማኔጅመንት ይጽደቅ፤ ናሙናው ይወሰድ። ትልቁ ማጣራት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ይደረግ፤ የለቀማው ጥድፊያ በርዶ፣ ዝናቡ ሳይጠና ያለው ክፍተት ያ ነው። ስካነሩ የሚገዛው ከማጣራቱ በኋላ ነው። ላፕቶፕ የሚገዛው ደግሞ አሮጌው ሲሞት፣ አንድ በአንድ።

የሚረጥበው ክፍል ግን የካቲትን አይጠብቅም። ከ65 በመቶ በላይ እርጥበት ከሰነበተ ሻጋታ ይነሳል። ርካሽ የእርጥበት መለኪያ አንድ ግዙና መሃል መደርደሪያው ላይ አስቀምጡ። መደርደሪያዎቹን ከግድግዳው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አርቁ፤ የታችኛውን ረድፍ ያንኑ ያህል ከወለል አንሱ፤ ምስጥ የሚገባውም በዚያው ነው። ጠዋት ዝናብ ሲያባራ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ልክ ይመስላል፤ የሚገባው አየር ግን ከውስጡ የባሰ እርጥብ ነው። መክፈቻው ሰዓት ፀሐይ የወጣችበት እኩለ ቀን ነው። ሻጋታ የታየበትን ፋይል ለብቻው በካርቶን አውጡ፣ ጭምብልና ጓንት አድርጋችሁ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ወረቀቱ ይሰባበራል። ስካነር ውስጥም አታስገቡት፤ ዱቄቱ ጎማዎቹ ላይ ተጣብቆ ወደ ጤነኛው ወረቀት ይዞራል።